መጋረጃውን የመረጠችው ካሜራ

ጥቅምት ፲፩

«ይህቺ ካሜራ የምትወዱትን ሰው ራሷ ታውቃለች፤ የእናንተ ድርሻ ቁልፉን መጫን ብቻ ነው።»

እትዬ፣ ከሰላምታ በፊት የሰው ወሬ ስላስቀደምኩ ይቅርታሽ አይለየኝ። እንደምን ከርመሻል? እኛ ደህና ነን። ይህን ሲል በጆሮዬ የሰማሁት ያንን ሰው ነው፤ ጋሼ እለው የነበረውን የቀድሞ ባልሽን። ሱቁ ውስጥ፣ ባለሦስት እግር መቆሚያዎቹ ከተደረደሩበት ኋላ ቆሜ ነበር። እሱ ደግሞ ሕፃን በጋሪ ለሚገፉ ባልና ሚስት አዲስ ያስመጣትን የጀማሪ ካሜራ እያሳየ ነው። ሚስትየዋ ካሜራዋን ተቀብላ መጀመሪያ ወደ ባሏ አዞረቻት፤ ትንሽ አሰበችና ወደ ልጁ መለሰቻት። ባልየው ቅር ያለው መሰለኝ።

አየኸው ወይ ላልሽው፣ አይቼዋለሁ። ወፍሯል ወይ ላልሽው፣ አዎ፤ ግን አንቺን በሚያስደስት መጠን አይደለም።

እንደምታውቂኝ እኔ ሰው የነገረኝን አምናለሁ። ስለዚህ መጽሔታችን ዘንድሮ የሚያወዳድራቸው ሦስት የጀማሪ ዲጂታል ኤስ ኤል አር ካሜራዎች ሲመረጡ፣ አንዷ የእሱ እንድትሆን ለአዘጋጁ ሐሳብ አቀረብኩ። የምናወዳድረው ፎከሳቸውን ነው፤ ሰው ሳይነካቸው በራሳቸው ምን ያህል በፍጥነትና በትክክል እንደሚይዙ። ካሜራዋን ቤት ወስጄ ባለቤቴንና እናቷን ሶፋው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። ጠዋት ተጨቃጭቀው ስለነበር በመሃላቸው ትራስ የሚያህል ክፍተት ነበር። ቁልፉን ተጫንኩ። ካሜራዋ በሁለቱ መሃል ሾልካ ከኋላቸው ያለውን መጋረጃ መረጠች። ደግሜ ተጫንኩ፤ መጋረጃውን። የመጋረጃው ክር አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ የሰዎቹ ፊት ግን በእንፋሎት ውስጥ እንዳለ ሆኗል። ባለቤቴም አማቴም ተቀየሙኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ነገር ተስማሙ።

ሌሎቹ ሁለቱ ካሜራዎች አላሳፈሩኝም። ውጤቱን እንደደረስኩበት እጽፍልሻለሁ። እውነቱን ብቻ ነው የምጽፈው፤ እሱን ለመጉዳት ሌላ ነገር የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

ወንድምሽ


ጥቅምት ፳፬

ወንድምዬ፣ ለጤናህ እንደምን ነህ? ባለቤትህን ሳምልኝ፤ አማትህን ሰላም በልልኝ። አዎ፣ ስልኬን አውቄ ነው የማላነሳው። ስልክ ላይ ድምፄ ያሳብቅብኛል፤ ወይ እጮሃለሁ ወይ አለቅሳለሁ። ወረቀት ላይ ጨዋ ነኝ።

ደብዳቤህን ሦስቴ አነበብኩት። «መጋረጃውን መረጠች» የምትለዋን ስትጽፍ ያ ነገር ትዝ አላለህም? ወይስ ረስተኸዋል? እኔ ልርሳው ብልም አልቻልኩም። የትዳራችን የመጨረሻው ዓመት ነው፣ ሳሎን ውስጥ እንግዶች ነበሩ፤ እኔ ብርጭቆ በትሪ ይዤ ወጥ ቤቱ በር ላይ ደርሻለሁ። አንዱ እንግዳ ስለኔ ደህና ነገር ተናገረ መሰለኝ፣ እሱ እንዲህ ብሎ መለሰለት፦ «ጥሩ ሴት ናት። እንደ መጋረጃ ናት፤ ቤቱን ታሳምራለች፣ ግን ማንም እሷን ላይ ብሎ አይመጣም።» ሰዎቹ ሳቁ። እኔም ብርጭቆዎቹን አንድም ሳልሰብር አቀረብኩ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ አለመስበሬ ነው።

ያን የሱቁን መስኮት ማን እንዳስጌጠው አንተ ታውቃለህ። መብራቱን በየትኛው ጥግ እንዳስቀመጥኩት፣ አላፊው ሁሉ ለምን ቆም ብሎ እንደሚያይ ታውቃለህ። እሱ አሁንም በዚያው መስኮት ይነግድበታል።

ለማንኛውም፣ እዚህ ሥራው ደህና ነው። ከባልደረባዬ ጋር አዳራሽ ማስጌጡን ቀጥለናል፤ መርፌና መሰላል ላይ ነን። አንድ ነገር ልጠይቅህ፦ ያቺ የእሱ ካሜራ ምን ዓይነት መጋረጃ ነው ይበልጥ የምትወደው? አበባ ያለበት ወይስ መስመር ያለበት? ለሱቅ መስኮት ማሳያ ፈልጌው ነው። ሌላ አይደለም።

እህትህ


ኅዳር ፮

እትዬ፣ ለሱቅ መስኮት ማሳያ እንዲህ የምትጨነቂ መሆንሽን አላውቅም ነበር። በደብዳቤው ጀርባ የጨመርሻቸውን ጥያቄዎች ጭምር እመልሳለሁ።

መጀመሪያ ካሜራዎቹን ላስተዋውቅሽ። ለሦስቱም ስም አውጥቼላቸዋለሁ፤ ለእኔና ለአንቺ ብቻ ነው። አንዷ አሮጊቷ ናት። ቁልፉን ስትጫኚ ሌንሷ ወደ ፊት ወደ ኋላ እያለ ያጉረመርማል፤ ታስባለች፤ ሰው ፈገግታው ፊቱ ላይ ይደርቅበታል። በመጨረሻ ግን ያሳየሻትን ፊት ትይዛለች። ሁለተኛዋ ዓይን አፋሯ ናት። ብርሃኑ ትንሽ ሲደክም እርግጠኛ ካልሆንኩ አላነሳም ብላ ቁጭ ትላለች፤ ብትጫኚ ብትጫኚ ወይ ፍንክች። ስህተት እንዳይገኝባቸው አንድ ወረቀት ሳይፈርሙ ጡረታ የሚወጡ የቢሮ ሰዎች አሉ አይደል? እንደነሱ ናት።

ሦስተኛዋ የእሱ ናት፤ ችኩሏ እላታለሁ። ገና ጣትሽ ሳያርፍ ጢጥ ትላለች፤ ያዝኩት ትላለች። የያዘችው ግን ሌላ ነው። በዚህ ፍጥነትና በዚህ እርግጠኝነት የሚሳሳት ፍጡር እስከ ዛሬ አንድ ብቻ ነው የማውቀው፤ እሱንም አንቺ አግብተሽው ነበር።

አሁን ወደ መጋረጃሽ። መስመር ይሁን፤ ያውም ከላይ ወደ ታች የወረደ፣ ጥቁርና ነጭ። ካሜራዋ ፊት ምን እንደሆነ አታውቅም። በውስጧ የተበተኑ ትንንሽ ነጥቦች አሉ፤ የሚፈልጉት ጠርዝ ነው፣ ጥቁር ከነጭ የሚገናኝበትን። የዳር የዳሮቹ ነጥቦች የቆመ መስመር እንጂ የተጋደመ አይታያቸውም። የመሃሏ ሁለቱንም ታያለች፤ ግን ሰውና ሰው መሃል ክፍተት ካገኘች አማቴ ላይ ያደረገችውን ታደርጋለች።

ብርሃኑ መጋረጃው ላይ ይብዛ፣ ፊት ለፊት ያለው ላይ ይለስልስ። ለስላሳ ፊት በደብዛዛ ብርሃን ለችኩሏ ባዶ ግድግዳ ማለት ነው። መጋረጃው ከሰዎቹ ራቅ ይበል፤ ከተጠጋ ሁሉም አብሮ ይጠራል። በጀርባዋ ባለችው ትንሽ ስክሪን ላይ ስታዪው ደግሞ ብዥታው አይታወቅም፤ እዚያ ላይ ሁሉም ሰው ያምራል። የሚታወቀው ፎቶው ትልቅ ሆኖ ሲታተም ነው።

አሁን የእኔ ጥያቄ። የሱቅ መስኮት ውስጥ ሰው ምን ያደርግልሻል?

ወንድምሽ


ኅዳር ፳፪

እትዬ፣ ጥያቄዬን ዘለልሽው። ይልቅ የወንበር መደገፊያ ከፍታ ጠየቅሽኝ። መልሱን ጽፌ ልልከው ስል ዛሬ በሱቁ በኩል አለፍኩ።

መስኮቱ ላይ ማስታወቂያ ተለጥፏል። ባለሱቁ ሊያገባ ነው። ሙሽራዋ የአንቺ ከተማ ልጅ ናት፤ ሰርጉም እዚያው ነው። የሰርጉ ፎቶ በሙሉ የሚነሳው በችኩሏ ነው፤ አንሺው የሱቁ አሻሻጭ ነው፤ ካሜራዋንም ራሷ እንድትሠራ ትቷት ቁልፉን ብቻ ይጫናል። ከዚያ ፎቶው በር የሚያህል ሆኖ ይታተምና መስኮቱ ላይ ይሰቀላል፤ ገዢው የካሜራዋን ብቃት እንዲያይ። ያው አንቺ ባስጌጥሽው መስኮት ላይ ማለት ነው። ይህ ሰው ዓይኑን በጨው የሚያጥበው በየጠዋቱ ሳይሆን አይቀርም።

ማስታወቂያውን እያነበብኩ ሳለ ከውስጥ አየኝና ወጣ። እንደ ወንድም አቀፈኝ። ስላንቺ ጠየቀኝ፤ ደህና ናት አልኩት። «ሥራ ይዛ ይሆን?» አለኝ፤ አልፎ አልፎ አልኩት። ከዚያ መጽሔቱ ስለ ካሜራዋ ምን እንደሚል በፈገግታ ጠየቀኝ። ያየነውን እንላለን ብዬ ተለየሁት።

እትዬ፣ መስመር ያለው መጋረጃ፣ ደብዛዛ መብራት፣ የወንበር መደገፊያ። አዳራሹን የምታስጌጪው አንቺ ነሽ አይደል?

ወንድምሽ


ታኅሣሥ ፩

ወንድምዬ፣ እንደምን ሰነበትክ? ስለደበቅሁህ አትቀየመኝ። እንዳታስቆመኝ ፈርቼ ነው፤ ከዚያ ደግሞ እንዳታግዘኝ ፈራሁ።

የመጣችው የሙሽራዋ አክስት ናት። እኔን አታውቀኝም። የአዳራሹን ስፋት፣ የእንግዳውን ብዛት ነግራኝ ስታበቃ የሙሽራውን ስም ጠራች። የያዝኩት መርፌ ጣቴ ውስጥ ገባ። ደህና ነሽ ወይ አለችኝ። እንደ ዛሬ ደህና ሆኜ አላውቅም አልኳት። ባልደረባዬ ነገሩን ስትሰማ ሥራውን እንመልስ አለች። እንደማልመልስ ነገርኳት፤ የአዳራሹ ሰዎች ጋርም ሆነ ሙሽራው ጋር የምትታየው እሷ እንድትሆን፣ የምሰፋውና የምሰቅለው ግን እኔ እንድሆን ተስማማን። እሱ ማን እንደሠራው ለመጠየቅ የሚደክም ሰው አይደለም። በኖርንበት ዘመን ሁሉ ጠይቆ አያውቅም።

ምን እንደምፈልግ በግልጽ ልንገርህ። ያ ፎቶ በር አክሎ መስኮቱ ላይ ሲሰቀል፣ የሚታየው የእኔ መጋረጃ እንዲሆን እፈልጋለሁ። እያንዳንዱ ስፌት ይታይ። እሱ እፊቱ ቆሞ ማን እንደሆነ የማይታወቅ ነጭ ጭጋግ ይሁን። ማንም እሱን ላይ ብሎ አይምጣ። ሌላ ምንም አልፈልግም፤ እንዲታመም፣ እንዲወድቅ አልመኝም። እንዳይታይ ብቻ።

ሙሽራዋ አንድ ቀን ከአክስቷ ጋር መጥታ ነበር። ትሑት ልጅ ናት፤ ወፍራም መነጽር ታደርጋለች። ለሰርጉ ቀን እንድታወልቀው እሱ ስለለመናት ታወልቀዋለች። ያለመነጽር ወንበሩንም አታይም፤ እየሳቀች ነው የነገረችን። መጋረጃውን በእጇ ዳሰሰችና «በጣም ያምራል፤ እኛን አይሸፍነንም?» አለችኝ። ሙሽራን የሚሸፍናት የለም አልኳት። እሷን ልጠላት ሞከርኩ፣ አልሆነልኝም። ይሄ ይበልጥ አናደደኝ። የእሷንም ድርሻ ለእሱ ጨመርኩለት።

አሁን እንደ ወንድም ልትመክረኝ ትችላለህ። ከዚያ በፊት ግን የወንበሮቹን ነገር መልስልኝ።

እህትህ


ታኅሣሥ ፲

እትዬ፣ ልመክርሽ ተነስቼ ነበር፤ ወረቀቱንም በዚያ ሐሳብ ነው የጀመርኩት። ደብዳቤሽን ባለቤቴ አነበበችው። ነውር ነው አለች። ሌላው ቢቀር ያቺ ልጅ ምን አደረገች አለች። ከዚያ ደብዳቤውን አጥፋ እየመለሰችልኝ «ወንበሮቹን አራርቃ ታስቀምጣቸው» አለችኝ። ስለዚህ ምክሩ ከቤተሰቡ የተሰጠ ነው ማለት ይቻላል።

ወንበሮቹ መሃል አበባ አቁሚ፤ ዝቅ ያለ፣ ከጉልበት የማይበልጥ። ለጌጥ ነው ትያቸዋለሽ፤ ማንም አያነሳውም፤ ሁለቱንም ያራርቃቸዋል። መደገፊያው አጭር ይሁን፤ ረጅም ከሆነ የመሃሏ ነጥብ እሱ ላይ ታርፋለች። ሙሽራዋ ነጭ ስለምትለብስ አትስጊ፤ ጥለት የሌለው ነጭ ለችኩሏ ምንም ማለት ነው። ስለ እሱ ልብስ ግን መስጋት አለብሽ፤ ሸሚዙ ባለመስመር እንዳይሆን። ከሆነ ልፋትሽ ሁሉ ውሃ በላው ማለት ነው።

አንድ ነገር በሞቴ አትርሺ። መጋረጃው ባለበት ርቀት ላይ ያለ ነገር ሁሉ አብሮ ጥርት ይላል። አስተናጋጅ ትሪ ይዞ እዚያ ቢቆም፣ የአስተናጋጁ ቁልፍ ሳይቀር ይቆጠራል። በመጋረጃው አጠገብ ማንም እንዳይቆም አድርጊ።

ውድድሩን ጽፌ አስረክቤያለሁ። ስለ ችኩሏ የጻፍኩት ረዘም ያለ ነበር፤ ስለ አስመጪው ባሕርይ የሚናገረውን አንቀጽ አዘጋጁ አየና፣ ይሄ የካሜራ መጽሔት ነው ብሎ ሰረዘው። የቀረችው አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፦ «ፈጣን ናት፤ የምትይዘው ግን ከኋላ ያለውን ነው።» ፈተናውን ደጋግሜ አድርጌዋለሁ፤ ቂሜን ብትቀንሺለት እንኳን ውጤቱ አይለወጥም። አሮጊቷ አንደኛ ወጥታለች። እትሙ ከሰርጉ በኋላ ነው የሚወጣው። ፎቶው መስኮቱ ላይ፣ ጽሑፉ ገበያ ላይ፤ ጎን ለጎን ይታያሉ። ይህን ሳስብ አንጀቴ ቅቤ ይጠጣል።

ከሰርጉ በኋላ ሳትውዪ ሳታድሪ ጻፊልኝ።

ወንድምሽ


ጥር ፫

ወንድምዬ፣ ስለዘገየሁ ይቅርታ። ሥራ በዝቶብኝ ነው።

ሁሉም አንተ እንዳልከው ሆነ። መጋረጃው ከጣሪያ እስከ ወለል ወረደ፤ እንግዶቹ ገና ከበር ሲገቡ አንገታቸውን ቀና እያደረጉ ያዩት ነበር አሉ። አበባው በመሃላቸው ቆመ። መብራቱ ያልከው ቦታ ላይ ነው። አስተናጋጆቹን በዚያ በኩል እንዳያልፉ በገመድ ዘጋሁባቸው፤ አንዱ አኩርፎኛል። ሸሚዙ ነጭ ነበር፤ ሐሳብ አይግባህ።

እንዴት ሆንሽ ላልከኝ፣ እኔ ምንም አልሆንኩም። እዚያ አልነበርኩም። መብራቱን አስተካክዬ እንደጨረስኩ፣ ፎቶ መነሳቱ ሳይጀመር፣ በጓሮ በር ወጥቼ ቤቴ ገባሁ። እግሬን ታጠብኩ፤ ራቴን በላሁ፤ ተኛሁ። እንደዚያን ቀን ያለ እንቅልፍ ከስንት ጊዜ ወዲህ ተኝቼ አላውቅም። የሰማሁትን ሁሉ የሰማሁት ከባልደረባዬ ነው። ሙሽራዋ ወንበሩን በእጇ እየዳሰሰች ተቀመጠች አለችኝ፤ እሱም እጇን ይዞ አስቀመጣት አለችኝ። እንዲህ ያለ ሰው አልነበረም። ክራባቱን ዛሬም አጣምሞ ነው የሚያስረው፤ ይሄንንም እሷ ናት የነገረችኝ።

እንግዲህ ተፈጽሟል። ምንም አልቆጨኝም። ፎቶው ሲሰቀል ብቻ ሄደህ አይተህ ጻፍልኝ። ከዚያ በኋላ የዚህን ሰው ነገር በመካከላችን እንዳናነሳው።

እህትህ


ጥር ፲፱

እትዬ፣ ለጤናሽ እንደምን አለሽልኝ? ባለቤቴ ሰላም ትልሻለች፤ አማቴም እንዲሁ።

ፎቶው አልተሰቀለም። ትናንት ያ ሰው ወደ መጽሔቱ ቢሮ መጣ። በአንድ እጁ እትማችንን፣ በሌላው ወፍራም ፖስታ ይዟል። ሊጣላ መጣ ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ለዚህ ቀን ያስቀመጥኳቸው ቃላት ነበሩኝ። እሱ ግን ወንበር ስቦ ተቀመጠና ፎቶዎቹን ጠረጴዛዬ ላይ ደረደራቸው። «የጻፍከው እውነት ነው» አለኝ። ከዚያ ለምን እንደዚህ እንደሆነ እንዳስረዳው ለመነኝ፤ ሚስቱ መነጽሯን አድርጋ ካየቻቸው ጀምሮ እያለቀሰች ነው፤ አንድም ፊቷ የሚታይበት ፎቶ የላትም።

አስረዳሁት። ቀስ ብዬ፣ በደስታ፣ ምንም ሳላስቀር። ስለ ነጥቦቹ፣ ስለ ክፍተቱ፣ ስለ ቆመው መስመር። መጋረጃውን ማን እንደሰፋው አልነገርኩትም። እሱም አልጠየቀኝም። ራሱ የሆነውን ጭጋግ ብቻ በጣቱ እየነካ፣ እዚህ ላይ ስቄ ነበር፣ እዚህ ላይ እጇን ይዣት ነበር ይለኛል። ከእሱ ጭጋግ ሌላ ምንም አላየም። ካሜራዎቹን ወደ አምራቹ ሊመልሳቸው ነው። ፎቶዎቹን አልፈልጋቸውም ብሎ ትቷቸው ሄደ።

በሩን ሲዘጋ አጉሊ መነጽሬን አወጣሁና ለራሴ ደስታ አንድ በአንድ አየኋቸው። ሥራሽ ያኮራል። ስፌቱ ይቆጠራል፤ ጥቁሩ ከነጩ የተገናኘበት ጠርዝ ምላጭ ነው። ሁለቱ ሙሽሮች እንደፈለግሽው ናቸው። ባለቤቴ እንድታይ አንዱን ቤት ይዤ ሄድኩ፤ አይታ ወዲያው ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ለምን እንደገለበጠችው የገባኝ ሌሎቹን ደግሜ ሳያቸው ነው።

ኬኩ መቆረጥ ከጀመረበት ጊዜ አንስቶ እንግዳ ተነስቶ እስኪሄድ በተነሱት ፎቶዎች ሁሉ፣ ከገመዱ ወዲያ፣ መጋረጃው አጠገብ አንድ ሰው ቆሟል። ከሰው ሁሉ ጥርት ብሎ የወጣ እሱ ብቻ ነው። አንቺ ነሽ። መጋረጃውን አታዪም፤ ካሜራዋንም አታዪም፤ የምታዪው እሱን ነው።